ናሙናሽ ማንን ይወክላል? ስለ መረጃ ዓይነቶችና ስለ ናሙና አወሳሰድ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ የምኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በከተማዋ ዘጠኝ ቀበሌዎች ስላለው የቤተሰብ የውሃ አቅርቦት ነው። መጠይቁን አዘጋጅቻለሁ፤ የናሙናውንም ብዛት በቀመር አስልቼ 384 አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ቆሜ ብጠይቅ ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። አማካሪዬ ግን ‹የመረጃሽ ዓይነት ምንድን ነው? ናሙናሽስ በየትኛው ዘዴ ይወሰዳል፤ በምድብ ነው ወይስ በክላስተር?› ብለው ረቂቁን መለሱልኝ። ትርጉሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ከጥናቴ ጋር ማገናኘት ግን አቃተኝ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሁሉም ጥያቄ አማካይ ያወጣልኛል፤ የቱን ልመን?»

ምላሽ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። አማካሪሽ ረቂቁን የመለሱልሽ በጥሩ ጊዜ ነው፤ ገና አንድም በር አላንኳኳሽም። የመረጃ ዓይነትና የናሙና አወሳሰድ መስክ ከመወጣቱ በፊት የሚወሰኑ ጉዳዮች ናቸው። መልሱን የመዘገብሽበት መንገድ በኋላ ምን ማስላት እንደምትችይ ይወስናል። መላሹን ያገኘሽበት መንገድ ደግሞ ስለ ማን መናገር እንደምትችይ ይወስናል። እነዚህ ከተበላሹ በኋላ የሚያቃናቸው የኮምፒውተር ፕሮግራም የለም።

ከመጠይቅሽ የመጀመሪያ መስመር እንነሳ፤ ቀበሌ ይላል። የድሬዳዋ ከተማ ቀበሌዎች ከ01 እስከ 09 የሚል ቁጥር አላቸው። ቁጥሮቹን አስገብተሽ አማካይ ብትጠይቂ ኤስፒኤስኤስ «4.7» ይልሻል። 4.7 የሚባል ቀበሌ ግን የለም፤ ቀበሌ 08ም የቀበሌ 04 እጥፍ አይደለም። ቁጥሩ በስም ፋንታ የገባ መለያ ነው፤ እንዲህ ያለውን መረጃ ስማዊ እንለዋለን። የውሃ ምንጭም እንደዚያው ነው፤ ቤት ድረስ የገባ ቧንቧ፣ የግቢ ቧንቧ፣ ቦኖ፣ ከጎረቤት የሚገዛ፣ በጋሪ ወይም በቦቴ የሚመጣ። ከ1 እስከ 5 የሰጠሻቸውን ቁጥሮች እንዳሻሽ ብታቀያይሪያቸው የሚጎድል ነገር የለም። በዚህ ዓይነት መረጃ መቁጠር፣ በመቶኛ ማስቀመጥና የትኛው እንደሚበዛ መናገር ይቻላል፤ ከዚያ አይታለፍም። የቤት ቁጥር፣ የውሃ ቆጣሪ ቁጥርና ስልክ ቁጥርም እዚሁ ይመደባሉ።

ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ኢንተርቫል፣ ሬሾ እየተባሉ የተማርናቸውን አራት መለኪያዎች በዚህ መልክ ለይቶ ያቀረባቸው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ ነው፤ ዘመኑ 1946 እ.ኤ.አ.። ዓላማው ተማሪ በቃሉ የሚይዘው ዝርዝር መስጠት አልነበረም፤ የትኛው ስሌት ለየትኛው መለኪያ ትርጉም እንዳለው መለየት ነበር። አንቺም በዚህ ዓይን ብታያቸው ከጥናትሽ ጋር ወዲያው ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ ስማዊ፣ ደረጃዊ፣ ክፍተታዊ፣ ምጥጥናዊ እያልኩ እቀጥላለሁ።

«በውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ለሚለው ጥያቄሽ ከ«በጣም አልረካሁም» እስከ «በጣም ረክቻለሁ» አምስት ምርጫ አስቀምጠሻል እንበል። እዚህ ቅደም ተከተል አለ፤ 4 ከ3 ይሻላል። ከ1 እስከ 2 ያለው ርቀት ከ4 እስከ 5 ካለው ጋር እኩል ስለመሆኑ ግን ማንም ለክቶ ያረጋገጠው ነገር የለም። ደረጃዊ መረጃ ይህ ነው፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰፈር ከሚኖሩ 40 ቤተሰቦች 20ዎቹ «በጣም ረክቻለሁ»፣ 20ዎቹ «በጣም አልረካሁም» ቢሉሽ አማካዩ 3 ይሆናል፤ 3 ደግሞ በመጠይቅሽ «መካከለኛ» ነው። «ነዋሪው መካከለኛ እርካታ አለው» ብለሽ ብትጽፊ፣ መካከለኛ እርካታ ያለው አንድም ሰው ስለሌለበት ሰፈር መጻፍሽ ነው። የሰፈሩ ግማሽ ቧንቧ እንደሚደርሰው፣ ግማሹ ደግሞ ጀሪካን ይዞ ወረፋ እንደሚጠብቅ ከዚያ ቁጥር ማንም አያነብም። መሃል ከፋዩ፣ ማለትም ምላሾቹ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ ከአማካዩ የተሻለ ምርጫ ቢሆንም በዚህ ምሳሌ እሱም አያድንሽም። ስለዚህ ለደረጃዊ መረጃ ከሁሉ አስቀድመሽ ምላሾቹ በየደረጃው በመቶኛ እንዴት እንደተከፋፈሉ አሳዪ።

አንድ ልዩነት ግን ላመልክትሽ። ሬንሲስ ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ ስለ አንድ ጉዳይ ብዙ ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው ይደመራል። ስለ ውሃው ንጽሕና፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ጥገናው የጠየቅሻቸውን ደምረሽ ከአንድ ነጠላ የእርካታ ነጥብ ላይ ከደረስሽ፣ ያንን ድምር እንደ መጠን ቆጥሮ አማካይ ማውጣትን ብዙ ተመራማሪዎች ይቀበሉታል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ለአንድ ነጠላ ጥያቄ ግን አልቀበለውም።

ክፍተታዊ መረጃ ላይ ሲደረስ ተማሪው ሁሉ ይደናገራል፤ የእኛ አገር ሰው ግን ሊደናገር አይገባም ነበር፤ ዕድሜ ልካችንን በሁለት የዘመን አቆጣጠር እንኖራለን። የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1984 እና 2007። በሁለቱም አቆጣጠር በመካከላቸው 23 ዓመት አለ፤ ልዩነቱ እውነተኛ መጠን ነው ማለት ነው። ዓመቱ የሚቆጠርበት መነሻ ግን ስምምነት ስለሆነ አንዱን ዓመት ለሌላው ማካፈል ትርጉም የለውም። የአየር ሙቀትም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን ድሬዳዋ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሐረር 17 ቢሆን «ድሬዳዋ በእጥፍ ትሞቃለች» ለማለት ያምራል፤ ያንኑ ሙቀት በፋራናይት ስትጽፊው 93.2 እና 62.6 ስለሚሆን እጥፍነቱ ይጠፋል። እውነተኛ ዜሮ የሌለው መለኪያ መቀነስን ይፈቅዳል፤ ማካፈልን አይፈቅድም።

የምትለኪው የውሃ መጠን ግን እውነተኛ ዜሮ አለው፤ ዜሮ ሊትር ማለት ውሃ የለም ማለት ነው። በቀን 120 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ 40 ሊትር ከሚጠቀመው ሦስት እጥፍ ይጠቀማል፤ በሊትርም በጀሪካንም ብትለኪው ሦስት እጥፍነቱ አይለወጥም። ምጥጥናዊ መረጃ የምንለው ይህንን ነው። ወርሃዊ የውሃ ወጪ፣ ወረፋ የተጠበቀበት ደቂቃ፣ የቤተሰብ አባላት ብዛትም እዚህ ይገባሉ። ከእነዚህ ውስጥ የአባላት ብዛት ተነጣይ ቁጥር ነው፤ አራት ተኩል ሰው የለም። ሊትርና ደቂቃ ግን ያልተቋረጡ መጠኖች ናቸው። ኤስፒኤስኤስ ክፍተታዊና ምጥጥናዊውን «ስኬል» በሚል አንድ ስም ስለሚይዛቸው እዚያ ላይ አትጨነቂ፤ ስማዊውንና ደረጃዊውን ግን ለይተሽ ካልነገርሽው ራሱ በትክክል ያውቅልሻል ብለሽ አትመኝ።

መስክ ላይ የሚያጋጥሙሽን ጥቂት ነገሮች አሁኑኑ ልንገርሽ። «ስንት ጀሪካን ትቀዳላችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽ የጀሪካኑን መጠን አብረሽ ጠይቂ፤ ባለ 20 ሊትሩና ባለ 5 ሊትሩ አንድ ላይ «ጀሪካን» ተብለው ከተቆጠሩ ቁጥሩ የምንም መለኪያ አይሆንም። ዕድሜ ስትመዘግቢ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ክምር ታያለሽ፤ በአገራችን ብዙ ሰው ዕድሜውን ወደ 0 እና 5 አጠጋግቶ ይናገራል፤ በቆጠራም የሚታይ ነገር ነው። ላልመለሰ ሰው 99 ብለሽ የምትሞዪ ከሆነ ደግሞ 99 የጎደለ ምላሽ ምልክት መሆኑን ለፕሮግራሙ አስታውቂ፤ አለዚያ መልስ ያልሰጠችው ወጣት የ99 ዓመት አሮጊት ሆና አማካይሽ ውስጥ ትገባለች። «ምንም አንከፍልም» ያለና ጥያቄውን የዘለለም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው 0 ነው፣ ሁለተኛው ባዶ።

ስለ ገቢ ስትጠይቂ «ከ3,000 ብር በታች፣ ከ3,000 እስከ 6,000…» የሚል ክፍፍል ከተጠቀምሽ ምጥጥናዊውን መረጃ በገዛ እጅሽ ደረጃዊ አደረግሽው፤ ወደኋላ መመለሻም የለውም። ቁጥሩን ራሱን ብትጠይቂ በኋላ እንደፈለግሽ መከፋፈል ትችያለሽ። ገቢውን በቁጥር መናገር የማይወድ ሰው ግን ብዙ ስለሆነ፣ ክፍፍሉን አውቀሽና አምነሽበት ከመረጥሽው አልቃወምሽም።

አሁን ወደ ናሙናው እንሂድ፤ የበለጠ የማስብልሽም በዚህ ነው።

መጀመሪያ መናገር የምትፈልጊው ስለ ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። «በድሬዳዋ ከተማ ዘጠኝ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች» ካልሽ የጥናት ሕዝብሽ እሱ ነው፤ የምትቆጥሪውም ቤተሰብን ነው እንጂ ግለሰብን አይደለም። ቀፊራ ስትቆሚ የምታገኚው ግን ሌላ ሕዝብ ነው። ከገጠር ቀበሌዎች አትክልት ይዛ የወረደች ሴት አለች፤ ከከተማው ውጭ ለገበያ የመጣ አለ፤ ነጋዴ አለ፤ መንገደኛ አለ። ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት እየጠበቀች ከቤት ያልወጣችው እናት ግን የለችም፤ ጥናትሽ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሷን ነው። ይህ ዘዴ አመቺ ናሙና ይባላል። በዚህ ዘዴ 384 ሰው ብትጠይቂም 3,840 ሰው ብትጠይቂም የሚገኘው ያው የገበያተኛ ምስል ነው።

የብዛት መጨመር ያልተስተካከለ ናሙናን እንደማያቃና ከ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የድምፅ ካርድ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ካርዶች ተመለሱለት፤ ተፎካካሪው ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፍም ተነበየ። ሩዝቬልት ከ48 ክፍላተ አገራት 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ ስምና አድራሻ ከወሰደባቸው ዝርዝሮች ዋናዎቹ የስልክ ተጠቃሚዎችና የመኪና ባለቤቶች መዝገቦች ነበሩ፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው የአገሩ ሙሉ ሥዕል አልነበረም። ካርዱ ከደረሳቸውም መልሰው የላኩት ካልላኩት ይለዩ ነበር። የሕዝብ አስተያየት መርማሪው ጆርጅ ጋሎፕ ግን በ50,000 ሰዎች ገደማ ብቻ ተመሥርቶ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለአንቺም ተመሳሳይ መዝገብ ስለተዘጋጀልሽ ነው። ገበያውን ትተሽ «ከውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞችን ዝርዝር ልውሰድ» የሚል ሐሳብ ይመጣልሻል፤ የተሟላና ቁጥር ያለው፣ ለዕጣ የሚመች ዝርዝር ነውና። ነገር ግን በዚያ ዝርዝር ላይ ያለው ቆጣሪ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከቦኖ የሚቀዳው፣ ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛው፣ በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረውና ቆጣሪው በአከራዩ ስም የሆነው ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ከጥናቱ ወጣ። ስለ ውሃ እጦት የሚጠና ጥናት ውሃ ያጡትን በዝርዝር ምክንያት ቢያስቀራቸው ከማንም በላይ እኔ አዝናለሁ፤ ያ ጽሑፍ ነገ የበጀት ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይችላልና። ናሙና የሚወጣበትን ዝርዝር የናሙና ማዕቀፍ እንለዋለን፤ ስለ ማዕቀፍ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ «ማን ቀረ?» የሚለው ነው።

ማዕቀፉ ከተገኘ በኋላ የአመራረጡ ጉዳይ ይቀላል። ቀላል የዕጣ ናሙና የሚባለውን ዕቁብ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። የሁሉም ስም በእኩል ወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፣ ይበወዛል፣ ዓይን ሳያየው ይወጣል፤ የወጣ አይመለስም። እያንዳንዱ እኩል ዕድል አለው፤ የሰብሳቢው ፍላጎትም አይገባበትም። በኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር ማውጣትም ይኸው ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ማስቆም ግን ዕጣ አይደለም፤ ዓይንሽ ፈገግ ያለውንና ቋንቋሽን የሚናገረውን ይመርጣል። እንደ ድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ በሚነገርበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መጠይቁም በእነዚህ ቋንቋዎች መዘጋጀት አለበት።

ስልታዊ ናሙና ደግሞ በተራ የተደረደሩ ቤቶችን በእኩል ርቀት መውሰድ ነው። 2,000 ቤት ካለና 100 ከፈለግሽ በየ20 ቤቱ ትወስጃለሽ፤ መነሻውን ከ1 እስከ 20 ባለው ውስጥ በዕጣ ታወጫለሽ። መንገዶቹ ቀጥ ብለው በተነደፉት የከዚራ ሰፈር ይህ ይመቻል። በመጋላ ሰፈር ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች ግን የቤቶቹን ተራ አስቀድመሽ በካርታ ካልያዝሽ «በየ20ው» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ስትገቢ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። አንድ ሕንፃ ምድሩን ጨምሮ አምስት ወለል፣ በየወለሉም አራት ቤት ካለው 20 ቤት ይሆናል። በየ20 ቤቱ ስትወስጂ፣ መነሻሽ ምድር ቤት ከሆነ ከየሕንፃው ሁልጊዜ ምድር ቤት ይደርስሻል፤ መነሻሽ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ሁልጊዜ አራተኛ ፎቅ። የውሃ ግፊት ደግሞ ከወለል ወለል ይለያያል። አንዱ ተማሪ «ኮንዶሚኒየሙ ውሃ አይቸግረውም» ሲል ሌላው «ውሃ የሚባል አይደርሰውም» ይላል፤ ሁለቱም ደንቡን ተከትለዋል። ርቀቱን ወደ 19 ወይም 21 ብትለውጪው ይህ ችግር ይወገዳል።

አሁን አማካሪሽ ወደጠየቁት ደረስን። በምድብ የተከፈለ ናሙናና የክላስተር ናሙና ሁለቱም ከተማውን ይከፋፍላሉ፤ የሚለያዩት ከተከፋፈለ በኋላ በሚሆነው ነው። ዘጠኙን ቀበሌዎች ለያይተሽ ከዘጠኙም ቤተሰብ ከወሰድሽ ቀበሌዎቹ ምድቦች ናቸው፤ የሚቀር ቀበሌ የለም። ከዘጠኙ ሦስቱን በዕጣ አውጥተሽ በሦስቱ ውስጥ ብቻ ከጠየቅሽ ቀበሌዎቹ ክላስተሮች ናቸው፤ ሦስቱ ስለ ቀሩት ስድስት ይናገራሉ ብለሽ ታምኛለሽ። ምድብ ትክክለኛነትን ለመጨመር የሚደረግ ነው፤ ክላስተር ድካምና ወጪን ለመቀነስ። ሦስቱን ቀበሌዎች «ለቤቴ ይቀርባሉ» ብለሽ ከመረጥሽ ግን ስሙ ክላስተር አይሆንም፤ በአመቺነት መምረጥ ነው።

አብዛኞቹ ትላልቅ ጥናቶች ሁለቱንም ያጣምራሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተመልከቺ። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በከተማና በገጠር ተከፍለው 21 ምድቦች ተገኙ፤ አዲስ አበባ ገጠር ስላልነበራት ነው 22 ያልሆኑት። ከምድቦቹ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ አንድ የቆጠራ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰቦችን የያዘ ነበር። በየቦታው የቤተሰቦቹ ዝርዝር እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ 28 ቤተሰቦች ተወሰዱ፤ በድምሩ 18,060። ዝርዝሩ እንደ አዲስ መዘጋጀቱን ልብ በይ፤ ማዕቀፍ ያረጃል።

በዚያ ጥናት ድሬዳዋና ሐረሪ ከሕዝብ ብዛታቸው ድርሻ በላይ ቤተሰብ ደርሷቸዋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከአገሪቱ አንጻር በድርሻው ብቻ ቢሰጠው ኖሮ ስለ ራሱ አንዳች የሚናገር ናሙና አያገኝም ነበር። ስለዚህ ሆን ተብሎ ተጨመረለት፤ አገራዊው ቁጥር ሲሰላ ደግሞ ክብደት በሚባል ማባዣ ወደ ድርሻው ተመለሰ። አንቺም ከዘጠኙ ቀበሌዎች እኩል እኩል ከወሰድሽ ይኸው ግዴታ አለብሽ። ለምሳሌ አንዱ ቀበሌ 12,000፣ ሌላው 3,000 ቤተሰብ አላቸው እንበል። በመጀመሪያው 40 በመቶው፣ በሁለተኛው 80 በመቶው «አልረካንም» ቢሉ፣ ክብደት ሳትሰጪ ስታሰይው 60 በመቶ ታገኛለሽ። ትክክለኛው ግን ከ15,000 ቤተሰቦች 7,200ው ማለትም 48 በመቶ ነው። የ12 ነጥብ ስሕተት ከመጠይቁ አልመጣም፤ ከስሌቱ መጣ።

ስለ 384ም እውነቱን ልንገርሽ። ቁጥሩ የመጣው 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል ነው፤ 384.16። ትርጉሙ «በቀላል የዕጣ ናሙና አንድን መቶኛ በ95 በመቶ መተማመኛ፣ ከ5 ነጥብ ባልበለጠ ስሕተት ለመገመት» ነው። የሕዝቡ ብዛት በቀመሩ ውስጥ እንደሌለ አስተውለሻል? ለድሬዳዋም ለአዲስ አበባም ያው 384 ነው። ስሕተቱን ወደ 2.5 ነጥብ ለማውረድ ደግሞ አራት እጥፍ፣ ወደ 1,537 ያስፈልጋል። ዘጠኙን ቀበሌዎች እያንዳንዳቸውን ማነጻጸር ከፈለግሽ ደግሞ ለአንድ ቀበሌ 43 ገደማ ይደርሳል፤ ስሕተቱም 15 ነጥብ ይሆናል። «ቀበሌ 03 ከቀበሌ 05 ይሻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ስሕተት አይሸከምም።

በክላስተር ስትሄጂ ሌላ ነገር ይጨመራል። ጎረቤታሞች ከአንድ መስመር ነው ውሃ የሚያገኙት፤ መስመሩ ሲቋረጥ ለሁሉም ይቋረጣል። ከአንድ ብሎክ፣ ማለትም ከአንድ የተጠጋጉ ቤቶች ስብስብ፣ 20ኛውን ቤት ስትጠይቂ ከመጀመሪያዎቹ ያልሰማሽውን አትሰሚም። ይህ የመመሳሰል መጠን ከ0 እስከ 1 ሲለካ 0.2 ነው እንበል፤ ለውሃ የተጋነነ ግምት አይመስለኝም። ከየብሎኩ 20 ቤት ከወሰድሽ የናሙናው ማባዣ 1 ሲደመር 19 ጊዜ 0.2፣ ማለትም 4.8 ይሆናል። 384ን በ4.8 ስታካፍይው፣ መጠይቆችሽ የሚሰጡሽ ዕውቀት የ80 የዕጣ ቤቶች ያህል ብቻ ነው፤ ስሕተቱ 11 ነጥብ ገደማ። ያንኑ 384 ከ48 ብሎኮች፣ ከእያንዳንዱ 8 ቤት አድርጊው፤ ማባዣው 2.4 ይሆናል፤ እንደ 160 ቤት ይቆጠራል፤ ስሕተቱም ወደ 8 ነጥብ ይወርዳል። የመጠይቁ ቁጥር አልተጨመረም፤ የጨመረው የባጃጅ ወጪሽ ነው። ብር ካለሽ መጠይቅ ከማብዛት ብሎክ ማብዛት ይሻልሻል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ዘጠኙን ቀበሌዎች ምድብ አድርጊ። 48ቱን ብሎኮች እንደየቀበሌው የቤተሰብ ብዛት አከፋፍለሽ በዕጣ አውጪ፤ ብዙ ቤተሰብ ለያዙት ብሎኮች በቤተሰባቸው ብዛት ልክ ከፍ ያለ ዕድል ስጪ። በወጡት ብሎኮች ውስጥ ቤተሰቦቹን በአካል ዘርዝሪ፤ በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮችን ለየብቻ ቁጠሪ። ከዝርዝሩ 8 ቤተሰብ በዕጣ ውሰጂ። በየቤቱ ለምን ያህል ሰዓትና ለምን ያህል ሊትር እንደሚቀዳ የምታውቀውን፣ ውሃውን የምትቀዳውን ሰው ጠይቂ፤ በሩን የከፈተ ሁሉ አያውቀውም።

ሰዓቱንም አስቢበት። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው የድሬ ሙቀት ከተማው ጋብ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ማንኳኳት ሰውን ማስቸገር ነው። ሠራተኛው ቤተሰብ የሚገኘው ማታና ቅዳሜ እሑድ ነው። የተዘጋ በር ስታገኚ ወደ ጎረቤት አትዙሪ፤ በተለያየ ሰዓት እስከ ሦስት ጊዜ ተመለሺ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የተዘጋ ሰውና ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ውሃን በሚመለከት አንድ ኑሮ አይኖሩም። በመጨረሻ ያላገኘሻቸውን ቁጥር ከነምክንያታቸው ጻፊ።

ውሃ በጋሪ ከሚያመላልሱ ሰዎችና ከቦኖ ጠባቂዎች ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግም ያስፈልግሻል። እነሱን ጉዳዩን ስለሚያውቁ መርጠሽ ልታነጋግሪያቸው፣ አንዱ ሌላውን እየጠቆመሽም ልታገኛቸው ትችያለሽ፤ ዓላማ ተኮር ናሙናና የጥቆማ ናሙና ይባላሉ። ለዚህ ሥራ ተገቢ ናቸው። ከእነሱ ያገኘሽውን «ለምን» እና «እንዴት» ለሚሉት ጥያቄዎች ተጠቀሚበት፤ «ከመቶ ስንቱ» ለሚለው ግን አትጥቀሚበት።

ጊዜና ገንዘብ አጥሮሽ ቀፊራ መቆም ግድ ቢሆንብሽ፣ እሱም ይቻላል። ዘዴው አመቺ ናሙና መሆኑን በግልጽ ጻፊ፤ ርዕስሽንም «በቀፊራ ገበያ የተገኙ ሸማቾች ስለ ውሃ አቅርቦት ያላቸው አስተያየት» ወደሚል አጥብቢው። ፈታኝ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሊነቅፈው አይችልም። የሚነቀፈው ገበያ ቆሞ የጠየቁትን «በዕጣ የተመረጠ» ብሎ መጻፍ ነው፤ እኔ ይህንን ከዕውቀት ማነስ አልፎ የነዋሪውን ድምፅ እንደመንጠቅ አየዋለሁ።

ለአማካሪሽ የምትመልሺው ክፍል ይህን ሊመስል ይችላል፦ «የጥናቱ ሕዝብ በድሬዳዋ ከተማ ዘጠኝ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። ቀበሌዎቹ እንደ ምድብ ተወስደው በሁለት እርከን የክላስተር ናሙና ተወስዷል፤ በመጀመሪያው እርከን 48 ብሎኮች በቤተሰባቸው ብዛት ልክ በሆነ ዕድል፣ በሁለተኛው ከየብሎኩ 8 ቤተሰቦች እንደ አዲስ ከተዘጋጀ ዝርዝር በዕጣ ተመርጠዋል። የውሃ ምንጭና ቀበሌ ስማዊ፣ እርካታ ደረጃዊ፣ የቀን ፍጆታ በሊትር፣ የወረፋ ጊዜና ወርሃዊ ወጪ ምጥጥናዊ ሆነው ተመዝግበዋል።» ከዚህ በመነሳት የስሌቱ ምርጫ ራሱ ይመጣል፤ የውሃ ምንጭን ከእርካታ ጋር ስታገናኚ ካይ ስኩዌር፣ የሁለት ወገኖችን የሊትር አማካይ ስታወዳድሪ ቲ ቴስት፤ ሁለቱንም ግን የክላስተሩን አወሳሰድ ግምት ውስጥ በሚያስገባው የፕሮግራሙ ክፍል ሥሪያቸው። ወጪው ጥቂት ትላልቅ ቁጥሮች የሚጎትቱት ከሆነ ከአማካዩ ጎን መሃል ከፋዩን አስቀምጪ።

የብሎኮቹን ዝርዝርና ካርታ ለማግኘት ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶቹ ስትሄጂ ከዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ፤ ዝርዝሩ መቼ እንደተዘጋጀና አዳዲሶቹ ሰፈሮች ገብተውበት እንደሆነም ጠይቂ። ያልገባ ሰፈር ካለ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አስገቢው።